ኦሃዮ ስቴት በሚሺጋን ተሸንፎ ሳለ እንዴት የ2024 ሻምፒዮን ሆነ?

ጥያቄ፦
የአሜሪካን የኮሌጅ ፉትቦል መከታተል የጀመርኩት በቅርቡ ስለሆነ ማብራሪያ እፈልጋለሁ። ኦሃዮ ስቴት እ.ኤ.አ. በ2024 የውድድር ዘመን ሁለት ጊዜ ተሸንፏል፤ በኦክቶበር በኦሪገን 32 ለ 31፣ በኖቬምበር 30 ደግሞ በገዛ ሜዳው በሚሺጋን 13 ለ 10። ለሚወዳደርበት የቡድኖች ምድብ (ኮንፈረንስ) ለቢግ ቴን የፍጻሜ ጨዋታም አልደረሰም። ታዲያ በጃንዋሪ 2025 ዋንጫውን ያነሳው የውድድሩ ደንብ ስለተለወጠ ብቻ ነው ወይስ ቡድኑ ራሱ ተለውጦ ነበር?

መልስ 1፦
ዕድሉን የሰጠው ደንቡ ነው። ከ2014 የውድድር ዘመን እስከ 2023 ድረስ ለጥሎ ማለፉ የሚመረጡት አራት ቡድኖች ብቻ ነበሩ፤ በ2024 አሥራ ሁለት ሆኑ። መራጩ ኮሚቴ በመጨረሻው የደረጃ ዝርዝር ኦሃዮ ስቴትን 6ኛ ስላደረገው፣ በቀድሞው አሠራር ቢሆን ኖሮ ለዋንጫው የሚያደርገው ጉዞ በሚሺጋኑ ሽንፈት ባበቃ ነበር።

መልስ 2፦
ከላይ የተባለው ትክክል ነው፤ ሆኖም ቡድኑም ተለውጧል። በሚሺጋኑ ጨዋታ ኦሃዮ ስቴት ኳሱን ይዞ በመሃል በኩል ለመሮጥ ደጋግሞ ሞከረ፤ ሜሰን ግራሃምና ኬኔት ግራንት የተሰለፉበት መሃል ግን የሚሺጋን ዋና ጥንካሬ ነበር። የኦሃዮ ስቴት የፊት መስመር ተጫዋቾች የሆኑት የግራ ታክሉ ጆሽ ሲመንስና ሴንተሩ ሴት ማክላውሊን ደግሞ ቀደም ሲል ተጎድተው ከውድድር ዘመኑ ውጭ ሆነዋል። በዚህ በሳሳ የፊት መስመር ያንኑ አጨዋወት መደጋገም፣ በእኔ አስተያየት፣ ከአሰልጣኝ ራያን ዴይ የማይጠበቅ እልህ ነበር። ኳርተርባኩ (ኳሱን የሚወረውረው ተጫዋች) ዊል ሃዋርድ ሁለት ኳሶች ተነጠቁበት፤ ሁለት ፊልድ ጎሎችም (ኳሱን በእግር መትቶ በግብ ምሰሶዎቹ መካከል በማሳለፍ የሚገኙ ሦስት ነጥቦች) ተሳቱ።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቴነሲን 42 ለ 17 ያሸነፈው ቡድን ግን ያለ ፍርሃት ይወረውር ነበር። ሮዝ ቦውል በሚባለው የሩብ ፍጻሜ ጨዋታ እስከዚያ ድረስ ያልተሸነፈውን ኦሪገንን በሁለተኛው ሩብ 34 ለ 0 መራው፤ የአንደኛ ዓመቱ ተጫዋች ጀረማያ ስሚዝም እስከዚያ ሁለት ታችዳውን (ኳሱን የጎል መስመር በማሳለፍ የሚገኝ ስድስት ነጥብ) አስቆጥሮ ነበር። ለውጡ ይበልጥ ጎልቶ የታየው ግን በፍጻሜው ነው። 31 ለ 7 ወደ ኋላ ቀርቶ የነበረው ኖተር ዳም ልዩነቱን አጥብቦ 31 ለ 23 ባደረሰበት ሰዓት፣ ኦሃዮ ስቴት በሦስተኛው ሙከራ ላይ ሆኖ (አንድ ቡድን 10 ያርድ ለመሄድ አራት ሙከራ አለው) 11 ያርድ ይቀረው ነበር። ብዙ አሰልጣኞች እዚህ ላይ ሰዓት ለመግደል ያስሮጣሉ፤ ሃዋርድ ግን በሜዳው ጠርዝ ለሚሮጠው ስሚዝ ረጅም ኳስ ወረወረለትና 56 ያርድ ተገኘ። በተከተለው ፊልድ ጎል ውጤቱ 34 ለ 23 ሆነ።

መልስ 3፦
ስለ መከላከሉ የተነሳ ነገር ስለሌለ ልጨምር። በግማሽ ፍጻሜው ኦሃዮ ስቴት 21 ለ 14 እየመራ ሳለ ቴክሳስ አንድ ያርድ ብቻ ቀርቶት አራት ሙከራ ነበረው። በሁለተኛው ሙከራ ወደ ጎን የተወረወረው ኳስ ሰባት ያርድ ወደ ኋላ መለሰው፤ በአራተኛው ጃክ ሶየር ኳርተርባኩን ኩዊን ዩወርስን መትቶ ኳሱን አስጣለውና ራሱ አንስቶ 83 ያርድ ሮጠ። ዩወርስ ኦሃዮ ስቴት በነበረበት ወቅት ሁለቱ አንድ ክፍል ይጋሩ ነበር። ገንዘቡም አይረሳ፤ የተቋሙ የስፖርት ዳይሬክተር ሮስ ብጆርክ የቡድኑ ተጫዋቾች ከስምና ከምስል መብታቸው የሚያገኙት 20 ሚሊዮን ዶላር ገደማ መሆኑን ተናግረዋል።

ጠያቂ፦
አመሰግናለሁ። አንደኛ ሆኖ የተመደበው ኦሪገን ገና በሩብ ፍጻሜው ከእንዲህ ያለ ቡድን ጋር መገናኘቱ ግን አግባብ ነበር?

መልስ 1፦
አልነበረም፤ ብዙዎችም በዚህ ተከራክረዋል። የመጀመሪያውን ዙር ሳይጫወቱ የማለፍ መብት የተሰጠው ለአራቱ ከፍተኛ የኮንፈረንስ ሻምፒዮኖች ስለነበር በደረጃ ዝርዝሩ ዝቅ ያሉት ቦይዚ ስቴት 3ኛ፣ አሪዞና ስቴት 4ኛ ሆነው ተመደቡ፤ ኦሃዮ ስቴትም ወደ 8ኛ ወረደ፤ የ8ኛና የ9ኛ አሸናፊ ደግሞ በሩብ ፍጻሜው 1ኛውን ይገጥማል። አራቱም ሻምፒዮኖች በመጀመሪያ ጨዋታቸው ተሸነፉ። ከ2025 ጀምሮ ምደባው በኮሚቴው የደረጃ ዝርዝር ቅደም ተከተል እንዲሆን ተወስኗል።