ከደብረ ማርቆስ ለመጣችው እህት፦ ኮሚኒቲ ኮሌጅ አያሳፍርም

የደብረ ማርቆስ ልጅ

ሰላም ለእናንተ ይሁን፣ የጎጃም ልጆች። ከባለቤቴ ጋር በዲቪ ወደ አሜሪካ ከመጣን ገና ዓመት አልሞላንም። አገር ቤት በባዮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ አግኝቻለሁ። ከልጅነቴ ጀምሮ የምመኘው የጥርስ ሐኪም መሆን ነው። ያስጠጉን ዘመዶቻችን ግን «ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብተሽ ጊዜሽን አታባክኚ፤ እዚያ የሚገባው ውጤት ያልመጣለት ነው» ይሉኛል። በዚህ መንገድ ያለፈ ሰው ካለ እባካችሁ ምከሩኝ።

የማቻከል ልጅ

እህቴ፣ እንኳን በሰላም ገባሽ። ዘመዶችሽ ክፉ አስበው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያሉሽ ግን ልክ አይደለም። እኔ የጥርስ ሐኪም ነኝ። የጀመርሁት በምኖርበት ከተማ ባለ ኮሚኒቲ ኮሌጅ፣ ማለትም የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ፣ ነው፤ ዛሬም በሳምንት አንድ ቀን ክሊኒኬን ዘግቼ እዚያው አስተምራለሁ።

በ1970ዎቹ መጨረሻ በሱዳን በኩል በስደት ወጥቼ እዚህ ስደርስ እንግሊዝኛዬ ከመጽሐፍ የተለቀመ ነበር። ሌሊት የመኪና ማቆሚያ ገንዘብ እሰበስባለሁ፤ ጠዋት ትምህርት እገባለሁ። የምደባ ፈተናው ዝቅተኛው የእንግሊዝኛ ክፍል ውስጥ አስገባኝ። ይሁን እንጂ «አትችልም፣ ተመለስ» ያለኝ ሰው አልነበረም። ኮሚኒቲ ኮሌጅን የምወድደው ለዚህ ነው፤ በሩን ክፍት አድርጎ ሰውን ካለበት ደረጃ ያነሳል። አሜሪካኖች በኢሊኖይ ግዛት፣ በጆሊየት ከተማ እ.ኤ.አ. በ1901 የመጀመሪያውን የሕዝብ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ሲከፍቱም ሐሳባቸው ወጣቶች ከቀያቸው ሳይወጡ የኮሌጅ ትምህርት እንዲጀምሩ ነበር።

ለጎጃም ሰው ይህ እንግዳ ነገር መሆን የለበትም። የዋሸራና የጎንጅ ቅኔ ቤቶች ተማሪውን የማን ልጅ ነህ ሳይሉ ተቀብለው፣ አገሬውም ቁራሽ ሳይነፍገው ነው ስንቱን ሊቅ ያፈሩት። አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይል የነበረው ልጅ የኋላ ኋላ መሪጌታ ይሆናል። ኮሚኒቲ ኮሌጅም ተማሪው ከሚከፍለው ሌላ በሕዝብ ግብር የሚደገፍ ነው። ቅኔ ቤት ያላሳፈረን ሰዎች በዚህ የምናፍርበት ምክንያት አይታየኝም።

ጥርስ ሕክምናን ያገኘሁትም እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ድዴ ይደማ ነበር፤ ኢንሹራንስ አልነበረኝም። ኮሌጁ የጥርስ ንጽህና ባለሙያዎችን፣ እዚህ ዴንታል ሃይጂኒስት የሚባሉትን፣ ያሠለጥናል፤ ተማሪዎቹም በመምህር እየታዩ ሕዝቡን በአነስተኛ ዋጋ ያገለግላሉ። በዕድሜ ከእኔ የምታንስ ተማሪ ተቀበለችኝ፤ ከቁርስ እስከ ምሳ ወንበሩ ላይ ነበርሁ። በእያንዳንዱ ጥርስ ዙሪያ ቀጭን መለኪያ እያስገባች ቁጥር ትጠራለች፣ ጓደኛዋ ትጽፋለች። እስከ ሦስት ሚሊሜትር ደህና ነው፤ አራትና ከዚያ በላይ ከሆነ ድዱ ከጥርሱ መልቀቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። የአፌን ሩብ በጨረሰች ቁጥር መምህሯ መጥተው ሥራዋን ይፈትሻሉ፤ የደረቀ ቆሻሻ ተሸሽጎ ካገኙ እንደገና ያሠሯታል። በአገሬ ጥርስ ሲያመን ቅርንፉድ እንይዝ ነበር፤ አልሻል ሲል ይነቀላል። ሳይነቀል ለማዳን ይህን ያህል የሚደከምለት መሆኑን ያን ቀን አየሁ። ስወጣ መምህሯን «ይህን ለመማር ምን ያስፈልጋል?» ብዬ ጠየቅሁ። እሳቸውም እጄን ይዘው ወደ አማካሪው ቢሮ ወሰዱኝ።

ወደ አንቺ ጉዳይ ልምጣ። የመጀመሪያ ዲግሪ ስላለሽ፣ ከውጭ አገር የተገኘ ቢሆንም፣ ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል ድጋፍ አይፈቀድልሽም። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው ተስፋ አድርጎ ፎርሙን ከሞላ በኋላ ነው። የፌዴራል ብድር መጠየቅ ትችያለሽ፤ እኔ ግን ለጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቱ ብታስቀምጪው እመርጣለሁ፣ ዕዳው የሚከብደው እዚያ ነው። ለአሁኑ ርካሹን ቦታ ምረጪ። በብዙ ግዛቶች ለግዛቱ ነዋሪ የሚቀነሰውን የትምህርት ክፍያ ለማግኘት አንድ ዓመት መኖርሽን ማሳየት ስላለብሽ የቤት ኪራይ ውልሽን አትጣዪ።

ቀጥሎ ዲግሪሽን በታወቀ ገምጋሚ ድርጅት አስገምግሚ። ከዚያ የምታመለክቺባቸውን የጥርስ ሕክምና ትምህርት ቤቶች መስፈርት አንድ በአንድ አንብቢ። ባዮሎጂ፣ ኬሚስትሪ፣ ኦርጋኒክ ኬሚስትሪና ፊዚክስ ከነላብራቶሪያቸው ይፈልጋሉ፤ ባዮኬሚስትሪንም ብዙዎቹ ይጠይቃሉ። በውጭ አገር ለተማረ ሰው ደግሞ ከአሜሪካ ኮሌጅ የተወሰደ የሳይንስ ትምህርት ማየት የሚፈልጉ አሉ። አንዳንዶቹ ከኮሚኒቲ ኮሌጅ የሚቀበሉትን ክሬዲት ይገድባሉ። ስለዚህ ጠቅላላ ኬሚስትሪውን ኮሚኒቲ ኮሌጅ ወስደሽ ኦርጋኒኩንና ባዮኬሚስትሪውን አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መውሰድ ሊሻልሽ ይችላል። ዳት የሚባለው የመግቢያ ፈተና አለ፤ ከገባሽ በኋላም ትምህርቱ በአብዛኛው አራት ዓመት ነው። ረጅም ነው፤ አላባብልሽም።

መካከል ላይ ሥራ የሚያስፈልግሽ ከሆነ የሃይጂኒስት ትምህርት ጥሩ ኑሮ ያስገኛል። ነገር ግን እሱን መማር የሐኪምነቱን ዓመታት አያሳጥርልሽም፤ ሁለቱን አታምታቺ።

አሁን የልቤን ልንገርሽ። ብዙዎቻችን ኮሚኒቲ ኮሌጅን እንደ መሸጋገሪያ ቆጥረን ካለፍን በኋላ ስሙን እንኳ አናነሳም። እኔ ግን አልተለየሁትም። የኬሚስትሪ መምህሬ ሲያርፉ ከቀባሪዎቹ አንዱ ነበርሁ። በክሊኒኬ የሚሠሩት ሃይጂኒስቶች የኮሌጁ ምሩቃን ናቸው። ልጄም የመጀመሪያ ሁለት ዓመቱን እዚያ ነው የተማረው፤ የዩኒቨርሲቲውን መክፈል አቅቶኝ አይደለም።

እዚያ መገኘቴ ለእኛ ሰውም ጠቅሟል። አንድ ቀን የብቸና እናት ልጃቸውን ሊጠይቁ መጥተው ወደ ኮሌጁ ክሊኒክ ገቡ። ተማሪዋ አፋቸውን ስታይ ቀለሟ ተለወጠ፤ ድዳቸው ከዳር እስከ ዳር ጠቁሯል። «አደገኛ ነገር ሳይሆን አይቀርም» ብላ በጆሮዬ ነገረችኝ። ቀረብ ብዬ «እማማ፣ ተነቅሰው ነው?» ስላቸው ሳቁ፤ በልጅነታቸው እናታቸው ናቸው ያስነቀሷቸው፣ ለውበት። ተማሪዎቹን ሰብስቤ የጠቆረው ጥላሸት መሆኑን፣ በሰሜን ኢትዮጵያ ያሉ ብዙ እናቶች እንዲህ እንደሚያጌጡ አሳየኋቸው። በመዝገቡም «የባህል ንቅሳት» ተብሎ ተጻፈ። እኒያ እናት ሲነሱ የተማሪዋን እጅ ስመው «እጅሽ ይባረክ» አሏት። እሷ የገባት ነገር አልነበረም፤ ተርጉሜላት እንባዋ መጣ። አሁን በየዓመቱ የድድ ንቅሳትን በአንድ ክፍለ ጊዜ አስተምራለሁ።

የቡሬ እናት

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ልጄ ዘንድሮ 12ኛ ክፍል ይጨርሳል፤ ግሪን ካርድ አለን። እሱስ ድጋፉን ያገኛል? እህቴ ደግሞ አገር ቤት የጥርስ ሕክምና ተመርቃ ሠርታለች፤ ወደዚህ ብትመጣ ከዜሮ ልትጀምር ነው?

የማቻከል ልጅ

ልጅዎ ማመልከት ይችላል፤ ድጋፉ የሚታየው በቤተሰቡ ገቢ ነው። በ2024–25 የትምህርት ዘመን የፔል ግራንት ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር ነበር፤ ይህ በብዙ ኮሚኒቲ ኮሌጆች የነዋሪውን የዓመት ክፍያ ይሸፍናል። ፋፍሳ የሚባለውን የፌዴራል ድጋፍ መጠየቂያ ፎርም በጊዜ ይሙሉለት፤ ፎርሙ በነጻ ነው፣ ገንዘብ ከፍለው ማንንም አያስሞሉ።

እህትዎ ከዜሮ አይጀምሩም። አይኤንቢዲኢ የሚባለውን ብሔራዊ ፈተና አልፈው በውጭ አገር ለተመረቁ የጥርስ ሐኪሞች የተዘጋጀውን ትምህርት ማመልከት ይችላሉ፤ እሱም በአብዛኛው ከሁለት እስከ ሦስት ዓመት ይወስዳል። ውድድሩ ብርቱ፣ ክፍያውም ከባድ ነው። እስከዚያው በረዳትነት መሥራት ይችሉ እንደሆነ የሚኖሩበትን ግዛት ሕግ ይጠይቁ፤ ከግዛት ግዛት ይለያያል።

የደብረ ማርቆስ ልጅ

ጋሼ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ። ባለቤቴም አንብቦታል። በዚህ ሳምንት ኮሌጁ ሄጄ እጠይቃለሁ።

የማቻከል ልጅ

ሂጂ፣ እህቴ። በስልክ ሳይሆን በአካል ሂጂ፤ የውጤት መግለጫሽን ኮፒ ያዢ። አማካሪውን «የጥርስ ሕክምና ነው የምፈልገው» በዪው፤ «ጤና ነክ ነገር» ካልሽው ለዋናው መንገድ የማይቆጠር ኬሚስትሪ ሊያስመዘግብሽ ይችላል። የላብራቶሪ ቦታ ቀድሞ ስለሚሞላ ምዝገባው በተከፈተ ዕለት ተመዝገቢ።