ከላፕቶፑ ጋር የመጣውን ዊንዶውስ እንዴት ልመልሰው?

ጤና ይስጥልኝ። ደብረ ማርቆስ ውስጥ ትንሽ የጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ላፕቶፔን ስገዛው ዊንዶውስ 10 ሆም ተጭኖበት ነበር። ሰሞኑን ሃርድ ዲስኩ ተበላሸና አንድ ባለሙያ በኤስኤስዲ (በአዲሱ ዓይነት ፈጣን ዲስክ) ቀይሮ ዊንዶውስ ፕሮ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ጫነልኝ። አሁን ስክሪኑ ጥግ ላይ «አክቲቬት ዊንዶውስ» የሚል ደብዛዛ ጽሑፍ አልጠፋ አለ። ከጀርባው ያለው ስቲከር ምልክት እንጂ የፈቃድ ቁጥር የለውም። ቁልፉ፣ ማለትም ይህ የፈቃድ ቁጥር፣ የሚቀመጠው ማዘርቦርዱ (የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ) ላይ፣ ባዮስ በሚባለው ማስነሻ ፕሮግራም ውስጥ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። ማዘርቦርዱ ደግሞ አልተነካም። ታዲያ ሆምን መልሼ ብጭን በራሱ ያውቀዋል? ሲጫን ቁልፍ ከጠየቀኝስ «የለኝም» ብዬ ልለፈው? ክራክ (ያለ ፈቃድ የሚያስከፍት ፕሮግራም) ተጠቀም ያሉኝ አሉ። የሰው የፍርድ ቤት ማመልከቻ የምጽፍበት ስለሆነ አልደፍርም። ደግሞም ገንዘቤን ከፍዬበታለሁ። ፍላሹን አዘጋጅቻለሁ። የሞከራችሁት ካላችሁ እባካችሁ ሳልፎርማት ንገሩኝ።