ካራቫን ተከራይተን ወደ ዊንጃና ገደል፦ ውሉ ፒስታ መንገድ ይከለክላል፣ ምን ይሻለኛል?

ጠያቂው፣ ከፐርዝ

የከበረ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እናቴ በጎብኚ ቪዛ ከደጀን መጥታ ሁለት ወር ሆኗታል። በጁላይ የትምህርት ቤት ዕረፍት እርሷንና ልጆቹን ይዘን በምዕራብ አውስትራሊያ ሰሜን ወዳለው ኪምበርሊ ለመሄድ መኪናና ካራቫን (በመኪና የሚጎተት ተንቀሳቃሽ ቤት) ተከራይተናል። የፈረምኩት እኔ ነኝ፤ 3,000 ዶላር ማስያዣም የተያዘው ከእኔ ካርድ ላይ ነው። ማታ ተቀምጬ ውሉን ሳነበው ግን ተሽከርካሪው ከአስፋልት ከወጣ ኢንሹራንሱ ምንም እንደማይሸፍን ተጽፏል። የባለቤቴ ወንድም እዚያ ያለውን የዊንጃና ገደል ሳናይ አንመለስም ብሎ ለልጆቹ ቃል ስለገባላቸው «ፒስታው ትንሽ ነው፣ ማን ያየናል?» ይለኛል። እምቢ ብል የቤተሰብ ቅያሜ ነው፤ እሺ ብል ዕዳው የእኔ ነው። ካራቫን ይዞ መግባት ይቻላል? ካልተቻለስ ጉልበቷን የሚያማትን እናቴን ይዤ ምን ላድርግ?

የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከፖርት ሄድላንድ

ወንድሜ፣ በዚህ መንገድ ለዓመታት ስመላለስበት ኖሬአለሁና ሳላሳጥር ልንገርህ። ከፐርዝ እስከ ኪምበርሊዋ ደርቢ ከተማ ያለው 2,400 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሁሉም አስፋልት ነው። ከደርቢ እስከ ዊንጃና ደግሞ 145 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን ፒስታ የሚበዛው ወደ መጨረሻው ነው። ከጊብ ሪቨር መንገድ ወደ ደቡብ ከታጠፍክ በኋላ ያለው 20 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ግሬደር ካለፈበት ከሰነበተ እንደ ቆርቆሮ ክዳን ይሸበሸባል፤ ለአስፋልት የተሠራ ካራቫን እዚያ ላይ ሲንቀጠቀጥ ውሎ ብሎኑ ይፈታል፣ ቁምሳጥኑ ተከፍቶ ሳህኑ ወለል ላይ ይቆይሃል።

«ማን ያየናል» ለሚለው ሰው፣ ቀዩ አቧራ ያሳብቅበታል በልልኝ። ሦስት ጊዜ ብታጥበው እንኳ ካራቫኑን የሚረከብህ ሠራተኛ ጣቱን በበሩ ላስቲክ ሥር ሰዶ ሲያወጣው ቀይ ሆኖ ይወጣል። ብዙ አከራዮችም መከታተያ ይገጥማሉ።

በአስፋልቱም ቢሆን አትዘናጋ። ሮድ ትሬይን የምንለው ባለብዙ ተሳቢ መኪና እስከ 53.5 ሜትር ይረዝማል፤ ከፊት የሚመጣ እንደሌለ እስከ ሩቅ ድረስ ሳታይ አትቅደመው። የመኪና መገናኛ ሬዲዮ ካለህ 40ኛው ቻናል ላይ እንነጋገራለን። ጁላይ ደረቁ ወቅት ስለሆነ ጊዜው ጥሩ ነው፤ ከኖቬምበር እስከ ኤፕሪል ቢሆን ኖሮ ጎርፉ ራሱ ይመልስህ ነበር።

አንድ አባል፣ ከሜልበርን

እናትህ የደጀን ሰው መሆናቸውን ሳነብ ሆዴ ተላወሰ። አባይ በረሃን አይተው ያደጉ ሴት ሌላ ገደል ለማየት ይህን ሁሉ መንገድ ሊሄዱ ነው! ልጅ ሳለሁ ከአባቴ ጋር በአይሱዙ ከጎሃ ጽዮን ስንወርድ፣ የተቃጠለ የፍሬን ሸራ ሽታና ከታች የሚቀበለን ሙቀት እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ። አባይ ከአንድ ሺሕ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ የዊንጃና ግንብ ቢበዛ መቶ ሜትር ነው። ቅር እንዳይላቸው አስቀድመህ ንገራቸው።

ነርስ፣ ከብሩም

ወንድሜ፣ ከፍታው አይደለም ቁም ነገሩ። ዊንጃና፣ ባለአገሮቹ የቡኑባ ሕዝብ ባንዲልንጋን የሚሉት፣ በጥንት ዘመን የባሕር ሪፍ (ከባሕር ፍጥረታት ቅሪት የተሠራ የባሕር ውስጥ ዓለት) የነበረ ድንጋይ ነው፤ የሌናርድ ወንዝ ሰንጥቆት ያልፋል፣ በደረቁ ወቅት በቀረው ውኃ ዳር ጨው በሌለው ውኃ የሚኖሩ አዞዎች አሸዋው ላይ ተዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። ከዚያ አለፍ ብሎ ያለው ተነል ክሪክ፣ ጃንዳማራ የተባለው የቡኑባ አርበኛ ተሸሽጎበት የኖረና በ1897 የተገደለበት ዋሻ ነው። 750 ሜትር ያህል በጨለማ ውስጥ ቀዝቃዛ ውኃ እየረገጡ ስለሚሄዱበት እናትህን ወደዚያ አታስባቸው።

ለእርሳቸው የሚስማማው ዳንጉ ነው፤ ጊኪ ገደል ይሉታል። ከፊትዝሮይ ክሮሲንግ 20 ኪሎ ሜትር ያህል አስፋልት ነው። የጃንዋሪ 2023ቱ ጎርፍ የሰበረው የከተማው ድልድይም በዚያው ዓመት መጨረሻ በአዲስ ተተክቷል። ጀልባ መኖሩን ደውለህ አረጋግጥ፤ ካለ ተቀምጠው ያዩታል። መድኃኒታቸውን ግን ከበቂ በላይ ያዝ። ጎብኚ ስለሆኑ የመንግሥቱ የጤና መድን ሜዲኬር አይሸፍናቸውም፣ አምቡላንሱም በክፍያ ነው።

ሌላ አባል፣ ከፐርዝ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ሐዋላ ላኩ ስንባል እጅ አጠረን የምንል ሰዎች ለድንጋይና ለአዞ ይህን ያህል ስናወጣ አይከብደንም? ብሩ በጁላይ 2024 ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ትንሽ ዶላር እንኳ እዚያ ብዙ ጎዶሎ ይሞላል። እኔ የእህቴን ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ ስለምችል አምስት ዓመት ሙሉ ከፐርዝ አልወጣሁም።

ነርስ፣ ከብሩም

እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ፣ ነገር ግን የላክኸውን እየቆጠርህ የሌላውን ኪስ አትፈትሽ። ሰውየው እናቱን ይዞ ነው የሚሄደው። ላሊበላን ሳናይ አገር ለቅቀን የወጣን ስንት ነን? «በኋላ» እያልን ነበር።

ሌላ አባል፣ ከፐርዝ

እኔ ኪስ አልፈተሽኩም፤ ማስያዣውን እዚህ የጻፈው እርሱ ራሱ ነው።

ጠያቂው፣ ከፐርዝ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ካራቫኑን ደርቢ ካራቫን ፓርክ ውስጥ አቁሜ፣ የባለቤቴ ወንድም ልጆቹን በአስጎብኚ መኪና ዊንጃና እንዲወስዳቸው አሳምኜዋለሁ፤ ማኩረፉ ግን አልቀረም። እናቴን ወደ ዳንጉ እወስዳታለሁ። ስለ አባይ የተጻፈውን ሳነብላት «አዞውማ እኛም ጋ አለ» ብላ ሳቀች። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ የካራቫን ፓርኩ ግቢ ራሱ ጠጠር ከሆነ በውሉ እንዴት ይቆጠራል?

ሌላ አባል፣ ከፐርዝ

ስለ ጠጠሩ አላውቅም። ሐዋላን በተመለከተ ግን ነርሷ እህታችን የተናገረችውን እንዲሁ የማልፈው አይደለም፤ ዛሬ ማታ ከሥራ ስወጣ በሰፊው እመልሳለሁ።