የአያቴ ስድስት ጎራሽ መርፌው ይወዛወዛል፤ ላስበይደው?

ጥያቄ፦ የመሐል ሜዳ ልጅ
ጤና ይስጥልኝ። ከአያቴ ለአባቴ፣ ከአባቴ ለእኔ የተላለፈ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ አለ። ፈቃድ አለው። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ይላል፤ እጀታው ግርጌ የገመድ ቀለበት አለው፣ ቁጥሩ በ«ቪ» ይጀምራል። ጥይቱን የሚመታው መርፌ መዶሻው ላይ ነው፤ ስነካው ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል። የአጎቴ አዲሱ ሽጉጥ ግን መዶሻው ልሙጥ ነው፣ መርፌው አይታይም። አንድ በያጅ «አልቋል፣ ላጣብቅልህ» አለኝ። እውነት ተበላሽቶ ነው?

የደብረ ብርሃን መካኒክ
ወንድሜ፣ በፍጹም እንዳታስበይደው! ሲሠራም እንዲወዛወዝ ተደርጎ ነው። መርፌው መዶሻው ላይ በሪቬት ተይዟል። መዶሻው ዞሮ ነው የሚወርደው፤ መርፌው የሚገባበት ቀዳዳ ግን ቀጥ ያለ ነው። ትንሽ ካልተላወሰ የቀዳዳውን ጠርዝ ይመታና ጫፉ ይሸረፋል። የብየዳ እሳት ደግሞ ብረቱን ያለሰልሰዋል። አንተ ማየት ያለብህ ጫፉን ነው። ክብና ልሙጥ ከሆነ ደህና ነው። ከሾለ ወይም ከተሸረፈ ካፕሱሉን፣ ማለትም ጥይቱ ቂጥ ላይ ያለውን ማቀጣጠያ፣ በስቶ ጋዝ ወደ ፊትህ ሊመልስ ይችላል።

አንኮቤ
ልጄ፣ ከመርፌው ይልቅ ያ «ቪ» ያሳስበኛል። ይህ ሽጉጥ ቪክትሪ የሚባለው ነው፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወታደር የተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1944 አንዱ መርከብ ላይ ወድቆ ባረቀና አንድ የአሜሪካ ባሕረኛ ሞተ። መዶሻውን የሚያግድ ብረት ነበረው፣ ግን ግራሶው ሲደርቅ ያ ብረት ወደ ቦታው ሳይመለስ ይቀራል። ስለዚህ ፋብሪካው ከአደጋው በኋላ አዲስ ማገጃ አስገባ። ይህኛው ከምላጩ አሠራር ጋር የተያያዘ ነው፤ ምላጩን ስትለቅ እሱም ተገፍቶ መዶሻውና አካሉ መሃል ይገባል። አዲሱ የገባላቸው ቁጥራቸው ላይ ከ«ቪ» ጋር «ኤስ» አለባቸው። ያንተ «ቪ» ብቻ ከሆነ አሮጌው ማገጃ ነው ያለው። በእኛ ገደል ላይ፣ በበቅሎ ጀርባ፣ ወይም ሰርግ ቤት ግርግር ውስጥ መሣሪያ መውደቁ አይቀርም። እባክህ አጉርሰህ አትያዘው።

ተጉለት
አባቴ «መዶሻው ሥር ያለውን የጥይት ጉድጓድ ባዶ ተው» ይለኝ ነበር። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

የደብረ ብርሃን መካኒክ
አዎ፣ ልክ ናቸው! ምክሩ የመጣው እ.ኤ.አ. እንደ 1873ቱ ኮልት ካሉ አሮጌ ሽጉጦች ነው። እዚያ መዶሻው ሲወርድ መርፌው ቀጥታ ካፕሱሉ ላይ ያርፋል። አንድ ጠንካራ ምት መዶሻው ላይ ካረፈ ይተኩሳል። ስለዚህ ስድስት ጎራሹን አምስት ብቻ ያጎርሱት ነበር። በስሚዙ ምላጩ ሲለቀቅ መዶሻው ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል። ቢሆንም የአባትህ ልማድ ለሁሉም ይበጃል።

ሸዋዬ
የአጎትህ ሽጉጥ ለምን ልሙጥ እንደሆነ ልጨምር። መርፌው ወደ አካሉ ገብቶ በስፕሪንግ ይያዛል። ስሚዝ ኤንድ ዌሰን ወደዚህ የተሻገረው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ ነው። ሩገር የሚባለው ሌላ ፋብሪካ ግን እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ አስፈላጊ ነገር ጨመረ፤ አስተላላፊ ብረት። መዶሻው ብቻውን መርፌውን አይነካም። ምላጩ ሲሳብ ብረቱ ከፍ ብሎ መሃል ይገባና ምቱን ያደርሳል። ምላጩ ካልተሳበ ምት የሚያደርስ ነገር የለም። ከማገጃው በተቃራኒ ነው የሚሠራው፤ ማገጃ ቢሰበር አደጋ ይሆናል፣ አስተላላፊው ቢሰበር ሽጉጡ አይተኩስም፣ ያ ብቻ ነው። እኔ ይህንን አብልጬ አምነዋለሁ። ሐሳቡን ግን ሩገር አልፈለሰፈውም፤ አይቨር ጆንሰን የሚባለው የአሜሪካ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ ተጠቅሞበታል።

የመሐል ሜዳ ልጅ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ቁጥሩን አየሁት፣ «ቪ» ብቻ ነው። ጥይቱን አውጥቼ ለብቻ ቆልፌያለሁ። ማገጃው እንደሚሠራ ራሴ ማየት እችላለሁ?

አንኮቤ
ከውጭ አይታይም፤ የጎኑ ክዳን መከፈት አለበት። ክዳኑን በጩቤ ፈልቅቀህ እንዳታጣምመው። ፈቃድ ያለው ጠጋኝ ይክፈተው፣ የደረቀውን ግራሶ ይጠበው፣ ማገጃው ወደ ቦታው መመለሱን ያሳይህ። በአዋጅ 1177/2012 መሣሪያ ያለ ፈቃድ መያዝ ክልክል ነውና ወረቀቱ ባንተ ስም መዞሩን ደግሞ አረጋግጥ። በአባትህ ስም ከሆነ ሽጉጡን ይዘህ መንገድ ከመውጣትህ በፊት ፖሊስ ጠይቅ።