«ኮንትራት ይያዝላቸው» ላለው ሰውዬ ማይኩን የሰጠው ማነው?

የሆጤዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ትናንት እዚህ ደሴ የታክሲና የባጃጅ ሰዎች ተሰብስበው ነበር አይደል፣ እዛ ላይ አንዲት እናት የአእምሮ እድገት ችግር ስላለባቸው ልጆች ጠየቀች፣ አንዱ ብድግ ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው፣ «እነሱ ሲሳፈሩ ሌላው ተሳፋሪ ይረበሻል፣ ቤተሰብ ኮንትራት ይያዝላቸው»። ተጨበጨበለት! ጎረቤቴ ድምፁን ቀድቶ ላከልኝ፣ ወላሂ እንቅልፍ ነው የነሳኝ። በማን ብር ነው የሚያዘው? ልጄ 16 ዓመቱ ነው፣ ኦቲዝም አለበት፣ ልዩ ክፍል ያለው ትምህርት ቤት ሰፈራችን ስለሌለ ከተማውን አቋርጠን ነው የምንሄደው፣ እሱን ላደርስ የሁለት ሰው ሂሳብ፣ ልመለስ የአንድ ሰው፣ ከሰዓት ደግሞ እንደገና። ትምህርቱ ነጻ ነው ይሉናል፣ መንገዱ ላይ ነው የሚከፈለው።

ጦሳ ላይ፦ እህቴ አበል ያለበት ስብሰባ ላይ ለምንም ይጨበጨባል፣ አትናደጂ

ከድር ባጃጅ፦ እኔ እዛው ነበርኩ። ሰውየው የተናገረውን ቆርጣችሁ አትለጥፉ። «መንግስት ካልደጎመን» ብሎ ነው የጀመረው።

የሆጤዋ፦ እና «መንግስት ካልደጎመን ኮንትራት ይያዝላቸው» ሲሆን ይጣፍጣል?

ከድር ባጃጅ፦ አይጣፍጥም ግን እውነት ነው። ለባለንብረቱ የቀን ገቢ አስገባለሁ፣ ማደያ ተሰልፌ ካላገኘሁ ቤንዚን በሃይላንድ ነው የምገዛው በጥቁር ዋጋ። አንዱ ልጅ አልወርድም ብሎ ብረቱን ጨብጦ ሲቀር፣ እናቱ ስትለምነው፣ ከኋላዬ ጥሩምባ ሲነፋብኝ፣ ትራፊኩ ፊሽካ ሲነፋ፣ ያን ሰዓት ማን ነው የሚከፍለኝ? ደግሞ የባጃጅ በር ሸራ ነው። ዘሎ ቢወድቅ የምታሰረው እኔ ነኝ።

የሆጤዋ፦ አራት ሰው ከኋላ ስታጭቅ ሸራ መሆኑ ትዝ አይልህም?

ጦሳ ላይ፦ በላት

ከድር ባጃጅ፦ እኔ ሶስት ነው የምጭነው። የሌላውን በኔ ላይ አታላኩ።

አቡ ሚፍታህ፦ በጀሊሉ ተረጋጉ። እኔም አባት ነኝ፣ ልጄ ዳውን ሲንድረም ናት። እኔ በወር የተነጋገርኩት አንድ ባጃጅ አለ። ጠዋት በር ላይ ይመጣል፣ መስታወቱ ላይ ያንጠለጠላት ቀይ አበባ አለች፣ ልጅቱ እሷን አይታ ነው የምትገባው፣ ታሞ ሌላ ሰው የላከ ቀን በር ይዛ አልወጣም አለች። ለነሱ የሚያውቁት ሰው፣ የሚያውቁት ሰዓት፣ ያው መንገድ ነው ዋናው። እና ኮንትራት የሚለውን ብቻ ይዘን ባንጮህ፣ እኔ ተጠቅሜበታለሁ።

የሆጤዋ፦ አቡ ሚፍታህ አንተ ሱቅ አለህ። እኔ እንጀራ ጋግሬ ነው የማድር። ልዩነታችን እሱ ነው እንጂ የልጆቻችን አይደለም።

አቡ ሚፍታህ፦ ሱቄን ምን አመጣው?

የሆጤዋ፦ ኮንትራት አመጣው።

ሙሄ ዊልቸር፦ እናንተ ስለ ታክሲ ውስጥ ታወራላችሁ፣ እኔን ከነጭራሹ አያስገቡኝም። ዊልቸሬን ሲያዩ ረዳቱ «ሞልቷል» ይላል፣ ግማሹ ባዶ ሆኖ። ፖርቶመጋላ ላይ ሲያስሩት ደግሞ የአንድ ሰው ሂሳብ ይጨምሩበታል። ቅድሚያ ለኛ ነው መነሳት ያለበት፣ ቢያንስ ለህንጻ እንኳ ከአዋጅ 624/2001 ጀምሮ መወጣጫ ይሰራ ተብሏል፣ ለመኪናው ምን አለ?

የሆጤዋ፦ ሙሄ ወንድሜ ቅድሚያ የሚባል ነገር አታምጣብን። አካል ጉዳተኛ ሲባል ሁሉም ሰው ዊልቸር ነው የሚታየው፣ መወጣጫ ተሰራ ፎቶ ተነሱ አለቀ። የኔ ልጅ እግሩ ደህና ነው፣ ከኔ ቀድሞ ነው የሚሮጠው። መወጣጫ ምን ያደርግለታል? የሚረብሸው ረዳቱ በሩን ሲደልቀው ነው፣ ስፒከሩ ነው፣ ሞተር ላይ ሰው ተቀምጦ ጉልበት ለጉልበት ሲጋጭ ነው። ጋቢና ካልሆነ አይቀመጥም። ጋቢና የሁለት ሰው ከፍዬ ጆሮውን ደፍኜለት ነው የምደርሰው። ያ ደግሞ በጥሩ ቀን ነው፣ በመጥፎ ቀን አንዷ ከኋላ «ይዘሽው ውረጂ፣ ጸበል ውሰጂው» ትላለች፣ ሌላዋ ቁርአን ይቀራበት ትላለች፣ ሁሉም ሀኪም ነው።

ሙሄ ዊልቸር፦ እኔ ፎቶ የተነሳሁበት መወጣጫ የለም። የራስሽን ለማስረዳት የኛን አታቃልይ።

የሆጤዋ፦ አላቃለልኩም። ሁሉም ቦታ እኛ ከናንተ ስር ተጠቅልለን ስለምንቀር ነው።

ዳዊት ኮምቦልቻ፦ ለዚህ ነው ኮምቦልቻ ኑ የምላችሁ፣ ሜዳ ነው፣ ልጁ በእግሩ ይሄዳል ሃሃ

ጦሳ ላይ፦ በዛ ሙቀት? መጀመሪያ የሐረጎን ዳገት ውጣና አየር ተንፍስ ከዛ ታወራለህ

ዳዊት ኮምቦልቻ፦ ደሴ ብርድና ዳገት እንጂ ምን አላት። ቢያንስ እኛ ጋ ለፋብሪካ ሰራተኛ ሰርቪስ አለ።

የሆጤዋ፦ እሱን አንሳልኝ እስቲ። ለፋብሪካ ሰራተኛ ሰርቪስ አለ፣ ለመምህራን ሰርቪስ አለ፣ ለባንክ ሰራተኛ አለ። ለነዚህ ሲሆን ማንም ኮንትራት ይያዝላቸው አላለም። በሁለት ፈረቃ አንድ ሚዲባስ ቢዞር ስንት ልጅ ይሰበስባል።

ከድር ባጃጅ፦ እነሱ ይሰራሉ ያመርታሉ ድርጅቱ ይከፍላል።

ሰለሞን ሃይቅ፦ ከድር ይሄንን ባትል ጥሩ ነበር። ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው፣ የአእምሮ ዝግመት አለበት፣ ሃይቅ ነው የምንኖረው፣ ደሴ አጎታችን ጋ ሱቅ ያግዛል፣ ካርቶን ይሸከማል ዕቃ ይደረድራል፣ ያመርታል አይደል ይሄ? 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻውን ነው የሚመላለሰው። እኔ አብሬው እየሄድኩ ነው ያስለመድኩት፣ የት እንደሚሳፈር፣ ለማን እንደሚከፍል፣ ዝርዝር ብር በየኪሱ ለይተን እናስቀምጥለታለን የጠዋቱን በግራ የማታውን በቀኝ። ተራ አስከባሪው ያውቀዋል ወንበር ይሰጠዋል። ግን አንድ ቀን መጫኛው ወደ ሌላ በኩል ተዛወረ፣ ማንም አልነገረንም፣ እሱ የለመደበት ቦታ ላይ ቆሞ ዋለ፣ ሲመሽ ነው ያገኘነው። ማንም አልከፋበትም ማንም አልሰደበውም፣ አልነገሩትም ብቻ። ለዚህ ምን በጀት ያስፈልጋል?

አቡ ሚፍታህ፦ አላህ ያቆይላችሁ። እንዲህ ያለ ነገር ነው መወራት ያለበት።

የሆጤዋ፦ ጎሽ፣ ግን ሁሉም ብቻውን አይሄድም ሰለሞን። የኔ አስፋልት ሲሻገር መኪና አያይም። ነገ ደግሞ «የሃይቁ ልጅ ብቻውን ይሄድ የለ» እንዳይሉን።

ሰለሞን ሃይቅ፦ እንደዛ አልወጣኝም እኮ

ሰናይት ዲሲ፦ ከውጭ ሆኜ አስተያየት ልስጥ ካልከፋችሁ። እዚህ አሜሪካ ከ1990 ጀምሮ በህግ ነው፣ አውቶብስ ያለው ከተማ ሁሉ በመደበኛው አውቶብስ መሄድ ለማይችል ሰው ቤት ድረስ የሚመጣ ቫን ማቅረብ ግዴታው ነው፣ የአእምሮ እድገት ችግር ያለበትም ይካተታል። ከአውቶብስ መስመሩ በሶስት አራተኛ ማይል ማለትም 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ያለ ሁሉ ይገባዋል፣ ሂሳቡም ከመደበኛው እጥፍ አይበልጥም። አብሮት የሚሄደው ረዳት አይከፍልም። እኛ ሀገር መቼ ይሆን ሰው የሚከበረው?

ጦሳ ላይ፦ መጣችልን። ዶላሩን ላኪና ቫኑን እኛ እንነዳዋለን

ሰናይት ዲሲ፦ ስድብ ሳይሆን መረጃ ነው የሰጠሁት።

ከድር ባጃጅ፦ ቆይ ቆይ። እጥፍ አልሽ? አሜሪካም እጥፍ ታስከፍላለች ማለት ነው! እኛ ስንል ግን አውሬ ሆንን።

የሆጤዋ፦ እስከ እጥፍ ነው ያለችህ ከድር፣ ከዛ አይበልጥም ነው ህጉ። የታክሲው ስንት እንደሆነ የኮንትራቱ ስንት እንደሆነ እዚህ ያለ ሁሉ ያውቃል፣ በእጥፍ ብትወስድልኝማ እጅህን እስማለሁ። ደግሞ ረዳቱ አይከፍልም ያለችውን ዘለልካት። እኔ እኮ መንገደኛ አይደለሁም፣ የልጄ ረዳት ሆኜ ነው የምሳፈረው፣ ሂሳቤን ግን ትቀበላለህ።

ከድር ባጃጅ፦ ሁለት ወንበር ከያዛችሁ ሁለት ነው።

ሰናይት ዲሲ፦ ለነገሩ እዚህም አልጋ በአልጋ አይደለም። ከአንድ ቀን በፊት ደውለሽ ታስይዣለሽ፣ ቫኑ ያረፍዳል፣ ሌላ ሰው ሲያነሳ ከተማውን ያዞርሻል፣ ወላጆች እዚህም ያለቅሳሉ። ግን የምትከሺው አካል አለ።

የሕግ ነገር፦ እኛስ መቼ አጣን። የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽን በአዋጅ 676/2002 ጸድቋል፣ አንቀጽ 9 ትራንስፖርትን በስም ይጠቅሳል፣ አንቀጽ 20 ደግሞ ሰውየው በመረጠው መንገድና ሰዓት፣ አቅሙን ባገናዘበ ዋጋ ይንቀሳቀስ ይላል። ህገ መንግስቱም አንቀጽ 41 ንዑስ 5 የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን መንግስት ይረዳል ይላል፣ የኢኮኖሚ አቅም በፈቀደ መጠን።

ጦሳ ላይ፦ «አቅም በፈቀደ»። በቃ ወንድሜ ዝጋው መጽሐፉን

የሕግ ነገር፦ አቅም በፈቀደ ማለት ምንም አይደረግ ማለት አይደለም።

ጦሳ ላይ፦ ለአስፋልት ዳር አበባ ግን ይፈቅዳል

ዳዊት ኮምቦልቻ፦ ፖለቲካ አታድርጉት። በ2014ቱ ጦርነት ሆስፒታል ትምህርት ቤት ተዘርፎ ወንበር እንኳ አልቀረም፣ ገና ያልተተካ ስንት ነገር አለ፣ አሁን ለጤነኛው የሌለውን ትራንስፖርት ለነሱ ከየት ይምጣ? ምሽት ላይ ጤነኛውም ተሰልፎ ነው የሚያድረው።

የሆጤዋ፦ «ለጤነኛው የሌለውን»! እዚህ ደግሞ ሌላ ሰውዬ ተገኘ። ጤነኛው ታክሲ ሲያጣ በእግሩ ይሄዳል ወይ ነገ ይሄዳል። የኔ ልጅ ታክሲ ሲያጣ ትምህርት የለም፣ ትምህርት ሲቀር ሰዓቱ ይዛባል፣ ሰዓቱ ሲዛባ ሌሊቱን ሙሉ ቤት ውስጥ ይዞራል፣ እኔም አብሬው እዞራለሁ። ቤት የቀሩትን ደግሞ ቆጥሯቸው የሚያውቅ የለም፣ ጎረቤት እንኳ የማያውቃቸው አሉ፣ በር ተዘግቶባቸው። መሳፈር ስላቃታቸው ነው ግማሾቹ።

አቡ ሚፍታህ፦ እውነት ነው። ዘሚ የኑስ አላህ ይዘንላት በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ኦቲዝም ላለባቸው ልጆች ጆይ ሴንተርን ከፍታ ነው ብዙ ሰው ኦቲዝም የሚባለውን ቃል እንኳ የሰማው። ግን ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ነው። እኛ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ መድረስ አቅቶናል።

ሙሄ ዊልቸር፦ ወሎዬ ደግ ነው እየተባለ ነው እንግዲህ

ጦሳ ላይ፦ ደግማ ነን፣ ታክሲ ውስጥ ቦታ ሲጠበን ነው የሚለቀን

ከድር ባጃጅ፦ ሁላችሁም በኔ ላይ ስለሆነ ልናገር። ሾፌርን ማንም አሰልጥኖት አያውቅም። ልጁ ሲጮህ ምን ላድርግ፣ ልቁም? ሙዚቃ ልዝጋ? እጁን ልያዝ? ይዤው ቢነክሰኝስ? መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ይሄ አልተጠየቀም። በታፔላ ምደባ ቀን ሁለት ሰዓት ቢያስረዱን ምን ነበረበት።

የሆጤዋ፦ አየህ አሁን ሰው ሆንክ። ሙዚቃውን ዝጋ፣ አትንካው፣ እኔን አናግር። በቃ ይሄው ነው ስልጠናው፣ በነጻ።

ከድር ባጃጅ፦ ሰው ሆንክ? ቅድም ምን ነበርኩ?

ሰለሞን ሃይቅ፦ ኧረ ተዉ። ለምን በወረቀት አናስገባም፣ ረዳት ሆኖ የሚሳፈር አይክፈል፣ መጫኛ ሲቀየር ይለጠፍ፣ ለትምህርት ቤት ሰዓት አንድ መኪና ይመደብ።

የሕግ ነገር፦ እኔ እጽፋለሁ። ሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት ማዘጋጃ እንገናኝ።

አቡ ሚፍታህ፦ ሰኞ የገበያ ቀን ነው ሱቅ አልዘጋም። ማክሰኞ አድርጉት።

የሆጤዋ፦ ማክሰኞ ጠዋት ልጁን ማድረስ አለብኝ፣ ማን ያደርስልኛል?

ዳዊት ኮምቦልቻ፦ ከድር አለ አይደል

ከድር ባጃጅ፦ ማክሰኞ የማደያ ተራዬ ነው።