የዛሬን አማርኛ ወደ ምኒልክ ዘመን ደብዳቤ እንዴት ልመልሰው?

ጠያቂ፦ የመድረክ ጽሑፍ
ለየካቲት 23 በምናዘጋጀው ተውኔት ላይ ንጉሠ ነገሥቱ ለአንድ ደጃዝማች የላኩት ደብዳቤ ይነበባል፤ ወረቀቱም ለተመልካች ይታያል። ጊዜው መስከረም 1888 ነው። በዛሬ አማርኛ የጻፍኩት ይኸውላችሁ፦

«ሰላም ደጃዝማች። የላክኸው መረጃ ደርሶኛል። ጥቅምት 12 ወረኢሉ ላይ ስብሰባ ስላለ ሰዎችህን ይዘህ እንድትገኝ። የሁለት ወር ምግብ መያዝ እንዳትረሳ። የማይገኝ ካለ አስፈላጊው እርምጃ ይወሰዳል። አመሰግናለሁ።»

ቃላቱን በግእዝ ልተካ ብሞክር ቅዳሴ መሰለብኝ። የቱን ልቀይር፣ የቱን ልተው?

ብራና
ቅዳሴ የመሰለብህ ግእዙ ቦታውን ስለለቀቀ ነው። በዚያ ዘመን ደብዳቤ ግእዙ የሚገባው ከአናቱ ባለው ማዕረግ ላይ ነው፤ ከዚያ በታች ያለው ንጹሕ አማርኛ ነው፤ ያውም አጭርና ቆፍጣና። ብዙ ሰው «ጥንታዊ» ሲባል ረጅም ይመስለዋል። የረዘመው የእኛ የቢሮ አማርኛ ነው።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ይሄዳል፦ ማዕረግ፣ «ይድረስ»፣ የደኅንነት ጥያቄ፣ የራስ ደኅንነት፣ ጉዳዩ፣ ቀንና ቦታ። እንግዲህ ያንተው ደብዳቤ፦

«ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ ዳግማዊ ምኒልክ ሥዩመ እግዚአብሔር ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ። ይድረስ ከደጃዝማች እገሌ። እንደምን ሰንብተሃል። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። የላክኸው ወረቀት ደረሰልኝ፤ ወሬውንም ሰማሁ። አሁንም ሰውህን ይዘህ የሁለት ወር ስንቅ አሰንቀህ ለጥቅምት ሚካኤል ወረኢሉ ትደርስልኝ ዘንድ ልኬብሃለሁ። ብትቀር ግን ጠብህ ከእኔ ጋር ነው። በመስከረም በ፲፭ ቀን በአዲስ አበባ ከተማ ተጻፈ በ፲፰፻፹፰ ዓመተ ምሕረት።»

«ይድረስ ከደጃዝማች» ሲል «ከ» የተቀባዩን ስም እንጂ የላኪውን አያመለክትም። ተዋናዩ ተሳስቶ ደብዳቤው ከደጃዝማቹ የመጣ አስመስሎ እንዳያነበው አስጠንቅቀው።

ቀለም ቀንድ
በብራና ላይ ልጨምር። ትልቁ ለውጥ ግሡ ላይ ነው። «እርምጃ ይወሰዳል» ብሎ ነገር የለም፤ ማን ነው የሚወስደው? ንጉሡ «እኔ» ብለው በራሳቸው አፍ ያዛሉ፣ በራሳቸው አፍ ይቆጣሉ። «እኛ» እያሉ መጻፍ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ወግ ነው፤ 1888 ላይ ብታስገባው ዘመን ታደባልቃለህ።

«እንድትገኝ» ሲል የነበረውን «ትደርስ ዘንድ» ማድረግ ጥሩ ነው፤ ግን በአንድ ገጽ ከሁለት ጊዜ በላይ ከመጣ ያሰለቻል። «በተመለከተ»ን በ«ስለ»፣ «መረጃ»ን በ«ወሬ»፣ «ምግብ»ን በ«ስንቅ» ለውጥ። «አመሰግናለሁ»ን ሰርዘው፤ አዛዥ ለታዛዥ በደብዳቤ መጨረሻ እንዲያ አይልም።

ቀኑን በበዓል መጥራት ጆሮ ላይ ይቀመጣል፦ 12 ሚካኤል፣ 19 ገብርኤል፣ 21 ማርያም፣ 23 ጊዮርጊስ። ርቀትን በኪሎ ሜትር ሳይሆን «የሁለት ቀን መንገድ» ብለህ፣ እህልን በኪሎ ሳይሆን በቁናና በዳውላ ጻፍ።

ዘመን ቆጣሪ
ቃሉ ጥሩ ሆኖ ዘመኑ የሚያጋልጥ ብዙ ነው። ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ተብለው ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 ነው፤ በማዕረጉ መጠራት የጀመሩት ግን አፄ ዮሐንስ በ1881 እንደሞቱ ነው፤ ስለዚህ ለምሳሌ በ1875 ለተጻፈ ደብዳቤ «ንጉሠ ሸዋ» እንጂ «ንጉሠ ነገሥት» አትበል። አዲስ አበባ የተቆረቆረችው በ1879 ስለሆነ 1875 ላይ «በአዲስ አበባ ተጻፈ» ማለት አያስኬድም። ሚኒስትር የሚባል ሹመትም የመጣው በ1900 ነው።

ተራኪ የታሪክ ጸሐፊ ድምፅ ካለህ ደግሞ ወንጌላዊውን ጨምርለት። ዓመቱ ላይ 5500 ደምረህ ለ4 አካፍል፤ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ። 1888 ሲደመር 7388 ይሆናል፤ ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ዘመነ ዮሐንስ ነው።

ጠያቂ፦ የመድረክ ጽሑፍ
እጅግ አመሰግናለሁ። ፊደሉስ? ሐመሩ ሐ፣ ንጉሡ ሠ ሁሉም በሥርዓቱ ይሁን? በቃላት መካከል የሚገባውን ሁለት ነጥብስ (፡) በኮምፒውተር እንዴት ላስገባ?

ብራና
ማዕረጉ ላይ አትሳሳት፦ ንጉሠ፣ ሥዩመ በንጉሡ ሠ፤ ምሕረት በሐመሩ ሐ፤ ዓመት በዓይኑ ዐ። ከዚያ በታች ግን የያኔ ጸሐፊዎች ፊደሉን እንደልባቸው ያፈራርቁት ነበር። ሁሉን አጥርተህ ብትጽፍ የሰዋስው መምህር እንጂ የቤተ መንግሥት ጸሐፊ አትመስልም።

ቀለም ቀንድ
እዚህ ላይ አልስማማም። ወረቀቱን የሚያየው የዛሬ ሰው ነው፤ የተዘበራረቀ ፊደል ካየ የአንተ ስሕተት ነው የሚለው። አጥርተህ ጻፈው።

ነጥቡን መጨረሻ ላይ አስገባ። ጽሑፉን በባዶ ቦታ እየለየህ ጨርስ፤ ቀጥሎ «ፈልግና ተካ» የሚለውን ከፍተህ ባዶ ቦታውን ሁሉ በ«፡» ተካ። ያኔ ከአራት ነጥብ ኋላ ትርፍ ነጥብ ይቀራል፤ «።፡»ን በ«።»፣ «፤፡»ን በ«፤» እንደገና ተካ። አራት ነጥብን ሁለት ጊዜ «፡» በመምታት አትሥራ፤ ራሱን የቻለ ምልክት ነው፤ ካልሆነ መተካቱ አይሠራልህም። መስመሩ ባዶ ቦታ ስለሌለው ግራና ቀኝ እኩል አይሳብም፤ ግራውን ብቻ አስይዘው። ለቅርጹ አቢሲኒካ የተባለው ፊደል የእጅ ጽሕፈት ይመስላል።

ፊርማ ከታች እንዳታደርግ። ማኅተሙ ከአናት፣ ከማዕረጉ አጠገብ ነው የሚያርፈው፤ ስለዚህ ከላይ አራት ጣት ያህል ባዶ ተውለት።