አሮው ላይ የአፍንጫው ጎማ አረንጓዴ መብራት ባይበራ፣ ጎንደር ላይ ምን ይደረጋል?

የአዘዞ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ጥያቄዬ በበረራ ጎማውን ስለሚያጥፈው ትንሽ አውሮፕላን፣ ስለ ፓይፐር አሮው 3 ነው። ወደ ጎንደር አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ሲቀረብ የጎማ ስዊቹ ወደ ታች ተደርጎ የግራና የቀኙ ጎማ ወርዶ መቆለፉን የሚያሳየው አረንጓዴ መብራት በርቶ የአፍንጫው ባይበራ፣ ከየት ይጀመራል? ጎማው ጨርሶ እንቢ ካለስ፣ ከአስፋልቱ ይልቅ ዳር ሣሩ ላይ ማረፍ ይሻላል የሚባለው እውነት ነው? ሞተሩን አየር ላይ አጥፍቶ ፕሮፔለሩን ማትረፍስ ይቻላል?

ደምቢያ ሜዳ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ማረፉን ተወውና ከፍታ ያዝ። ማረፊያው ራሱ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,000 ሜትር ግድም ነው። ሙቀቱ 25 ዲግሪ በሆነ ቀን አየሩ የሚሳሳው 2,800 ሜትር ላይ እንዳለህ ያህል ነው፤ ባለ 200 ፈረስ ጉልበቱ ሞተር ከሩብ በላይ ጉልበቱን ያጣል። ጎማ አንጠልጥለህ፣ ፍላፕ (የክንፉን የኋላ መዘርጊያ) ዘርግተህ፣ ዝቅ ብለህ ችግር ስትፈልግ መልሶ መውጣት ይከብድሃል። ለታወር (ለበረራ መቆጣጠሪያው) ንገርና ወደ ደቡብ፣ ወደ ጣና አቅጣጫ ደምቢያ ላይ ዙር። መሬቱ ሜዳ ነው። ወደ ሰሜን አትሂድ፣ መሬቱ እየተነሣ ይመጣብሃል።

ከዚያ መብራቱን መርምር። የዳሽቦርድ መብራት ማስተካከያው በርቶ ከተረሳ አረንጓዴዎቹ ይደበዝዛሉ፤ በቀን ፀሐይ የጠፉ ይመስላሉ። አጥፋውና እይ። ካልሆነ ከሚበሩት የአንዱን አምፖል ነቅለህ አፍንጫው ቦታ ላይ ክተት። ጎማው ሳይቆለፍ ሲቀር የሚበራው ቀዩ መብራት ጠፍቶ፣ ጋዝ ቀንሰህ የማኒፎልድ ግፊቱ (ሞተሩ የሚስበው አየር ግፊት) ወደ 14 ኢንች ሲወርድ ማስጠንቀቂያው ካልጮኸ፣ የሞተው አምፖሉ ሳይሆን አይቀርም። ቀዩ በርቶ ማስጠንቀቂያውም ከጮኸ ግን ወይ ጎማው አልተቆለፈም፣ ወይ መቆለፉን ለመብራቱ የሚነግረው ማይክሮ ስዊች አልነካም። ያኔ ጎማው እንዳልተቆለፈ ቁጠረው።

ቀጥሎ ማስተር ስዊቹን (ዋናውን የኤሌክትሪክ ማብሪያ) እና ጎማውን የሚያንቀሳቅሰውን የሃይድሮሊክ ፓምፕ ሰርኪት ብሬከሮች (የኤሌክትሪክ መቁረጫዎች) እይ። ፍጥነትህን ከ87 ኖት በታች አድርግ። ይህን የምለው በከንቱ አይደለም፦ የአሮው አፍንጫ ጎማ የሚታጠፈው ወደ ኋላ ነው፣ ሲወርድ ነፋሱን እየገፋ ነው የሚመጣው። ፍጥነት ካለህ ጎማውን ወደ ታች የሚገፋው ስፕሪንግ አያሸንፍም። ስዊቹ ታች እንዳለ በወንበሮቹ መሀል ያለውን የድንገተኛ ማንሻ ወደ ታች ተጭነህ ያዝ፤ የዘይቱ ግፊት ይለቀቅና ጎማው በክብደቱ ይወድቃል። አሁንም ካልተቆለፈ በመሪ ፔዳሉ አፍንጫውን ግራ ቀኝ ወዝውዘው።

ታወሩ አጠገብ ዝቅ ብሎ ማለፍ የሚጠቅመው ለግማሹ ብቻ ነው። ጎማው መውረዱን ያዩልሃል፤ መቆለፉን ግን ከታች ማንም ሊያይ አይችልም።

ባለ ጃኩ፦
ስለ ሣሩ ልመልስ። የዚያ አካባቢ መሬት ዋልካ ነው። በክረምት ጭቃው ይይዛል፣ በበጋ ይሰነጠቃል። ጎማ የሌለው አፍንጫ ለስላሳ መሬት ውስጥ ሲገባ ይሰካል፣ አውሮፕላኑም ሊገለበጥ ይችላል። አስፋልት ላይ አሉሚኒየሙ ይፋቃል እንጂ አይሰካም፤ የእሳት አደጋ መኪናም በቀላሉ ይደርሳል። ስለዚህ አስፋልቱን ምረጥ።

የአፍንጫው ብቻ ከሆነ የቀረው፣ ከኋላ የሚቀመጥ ካለ ክብደቱን በተፈቀደው ልክ ወደ ኋላ አድርግ፣ ቀበቶ ይጥበቅ፣ በሩ ከማረፍ በፊት ከመቀርቀሪያው ይላቀቅ። በሁለቱ ጎማ አርፈህ አፍንጫውን እስከሚቻልህ ወደ ላይ ያዝ፣ ፍሬን አትንካ። መሬት ከነካህ በኋላ ሚክስቸር (የነዳጅና አየር ማደባለቂያ)፣ ማግኔቶ (የሞተሩ እሳት ማስነሻ)፣ ማስተር፣ የነዳጅ ቫልቭ ዝጋ። የፍጥነት መለኪያው ላይ 70 ኖት ስታነብ በዚያ ሙቀት የምትሄደው ወደ 80 ኖት መሆኑን አትርሳ፤ ስለዚህ የሚንሸራተትበት ርቀት ይረዝማል።

ሞተር አየር ላይ ማጥፋት? በጭራሽ። ፕሮፔለሩ ነፋስ እያዞረው አይቆምም፤ ለማቆም ፍጥነት ስትቀንስ መሬት አጠገብ ስቶል ትገባለህ፣ ክንፉ መሸከም ያቆማል። ድጋሚ ለመሞከር የሚያስወጣህንም ኃይል በእጅህ ታጠፋለህ። ፕሮፔለር ይገዛል። ዞሮ አስፋልት ከነካ ሞተሩ በሞተሩ ሠሪ በላይኮሚንግ ሰርቪስ ቡለቲን 533 መሠረት መመርመር አለበት፤ ፕሮፔለሩ ብቻ ተቀይሮ «ተነሣ» አይባልም።

ስለ መንስኤው፦ በበጋ አቧራ ቅባት ላይ ተጣብቆ የማይክሮ ስዊቿን ትንሽ ሮለር ያደርቃታል። በጣትህ ስትጫናት «ጠቅ» ብላ መመለስ አለባት፤ ከዘገየች አጽዳ፣ ካልሆነ ቀይር። ቀይ ዘይት ያለበት ቱቦ ወይም ፓምፕ ካየህ የሚፈሰው 5606 ሃይድሮሊክ ነው። አሮው ላይ ጎማውን ላይ የሚይዘው ግፊቱ ነው፣ የላይ መቆለፊያ የለውም፤ ዘይቱ ካለቀ ጎማው ወደ ታች ይመጣል እንጂ ላይ አይቀርም። አልወርድ ካለ እንግዲህ ጥፋቱን ከዘይት ይልቅ በደረቀ መጋጠሚያ፣ በላላ ስፕሪንግ ወይም በተጣመመ ማገናኛ ዘንግ ፈልግ።

ጃክ ላይ ስትፈትሽ ጭራው ላይ ወደ 113 ኪሎ ክብደት አስቀምጥ፣ የውጭ ኤሌክትሪክ ስካ፣ ባትሪው ብቻውን ይደክማል። ጎማውን አንድ ጊዜ ማንሣት ወይም ማውረድ 7 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ከረዘመ ችግር አለ። ከዚያ የፓምፑን ብሬከር አውጥተህ በድንገተኛ ማንሻው ብቻ አውርደው። ይህችን ፈተና የሚዘልላት ብዙ ነው፣ የምታስፈልገው ግን እሷ ናት።

የአዘዞ ልጅ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ብቻ፦ ወዝውዤው አረንጓዴው ቢበራ፣ ላረጋግጥ ብዬ ደግሜ ላንሣው?

ባለ ጃኩ፦
አታንሣ! ሦስቱ ከበሩ ስዊቹን አትንካ፣ እንደወረደ እረፍ። ከመንደርደሪያው ላይም አትታጠፍ። ቀጥ ብለህ ቁም፣ ሞተር አጥፋ፣ ቴክኒሺያን የአፍንጫውን መቆለፊያ በዓይኑ እስኪያይ ድረስ ማንም የመጎተቻ ዘንግ አይስካበት። ያልተቆለፈ አፍንጫ ሲገፉት ነው የሚታጠፈው።

ደምቢያ ሜዳ፦
ለታወሩም መንገዱን ይዘህ እንደምትቆም ከማረፍህ በፊት ንገራቸው፣ ከኋላህ የሚመጣውን ያቆዩልሃል።